ለእልፍነሽ የተላከው ቀይ ጣባ

ቴምቢሳ፣ ጆሃንስበርግ
ሜይ 9 ቀን 2020

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሽጉጤ፣

የጌታ ሰላም ከእኔ ቃል ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ እትዬ እልፍነሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔና እማዬ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። እማዬ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላችኋለች።

ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም የላክኩት እዚያው ዱራሜ ላለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ነው። እሷ አትማ ትሰጥዎታለች። መልሱን በወረቀት ጽፈው ቢሰጧት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ ተስማምተናል።

ሎክዳውኑ ከመግባቱ በፊት ወደ አገር ቤት በተመለሰው በጎረቤታችን በዓብዩ እጅ የላክኩልዎ ካርቶን ደረሰ? የጆሮ ማዳመጫዎ ባትሪ፣ ሹራብና ብርድ ልብስ ነበረበት። አባዬ ካረፈ ወዲህ ከእሱ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። በዚህ ክፉ ጊዜ ዝም ማለት ከበደኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ካርቶኑ ውስጥ በሥህተት የገባ ዕቃ አለ። ቀይ የሻይ ስኒ ነው፤ እጀታ የለውም፣ ጠመም ያለ ነው። የእኔ አይደለም። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት የምትኖር አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት አደራ የሰጠችኝ ነው። ከልብሶቼ ስር አስቀምጬው ነበር፤ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ካርቶኑን ያሸግነው እኔና እማዬ ነን፤ ከዚያ ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

እባክዎ አጎቴ፣ ካገኙት ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡልኝ። ምንም አይግባበት፣ ማንም አይጠጣበት። በረራ ሲከፈት ዓብዩ ይመልስልኛል። መኖሩን ብቻ ቶሎ ይንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ፊቤ በላይነህ


ዱራሜ
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ፊቤ፣

የወንድሜ የበላይነህ ልጅ ነሽና ሰላምታዬን አልነፍግሽም። ጌታ ከዚያ በሽታ ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከእኔ በፊት የዓለምወርቅ፣ ከእሷ ቀጥሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንብቦታል። ስለዚህ እኔም ብዙ አልጽፍም። ባትሪው ደርሷል፤ ልኩ አይደለም። ከማዳመጫዬ ቀዳዳ በጣም ይወፍራል። እንደ ድሮዬ ደንቆሮ ነኝ ማለት ነው። ሹራቡ ደህና ነው።

«ሥህተት» ብለሽ ጽፈሻል። «ስሕተት» ነው የሚባለው። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ይህን ሳላርም ማለፍ አልችልም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። አንቺ ስኒ አልሽው። እኛ ዘንድ ስኒ የሚባለው ከፋብሪካ የሚወጣው ነጩ ነው። ከጭቃ ተሠርቶ እሳት የገባ፣ ጆሮ የሌለው እንዲህ ያለው ዕቃ ጣባ ይባላል። ጣባ ደግሞ በእኔ ቤት ጠፍቶ አያውቅም።

ዓብዩ ካርቶኑን ካስረከበኝ በኋላ ይህን ለብቻው አውጥቶ፣ «ይቺ ደግሞ ለእልፍነሽ ናት ተብያለሁ» አለ። እኔ ባልሰማም እልፍነሽ ሰምታለች፣ የተሰበሰበውም ሰው ሰምቷል። በእናትሽ ሻሽ ነበር የተጠቀለለው። እልፍነሽ ፈታችው፣ አየችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ምሳ ቀርቦ ነበር። አልቀመሰችም።

እንግዲህ መልእክቱ ደርሶናል፤ ገብቶናልም። እናትሽ «እጅግ አድርጋ ሰላም ብላችኋለች» ያልሽውን ደግሞ በእሷ እጅ ተጽፎ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

አጎትሽ፣
ሽጉጤ


ቴምቢሳ
ጁን 28 ቀን 2020

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይብዛ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ምኑ ነው የገባችሁ? እኔ ምንም አልገባኝም። ከአገር የወጣሁት በስምንት ዓመቴ ነው፤ ዝም ብላችሁ የምትግባቡበት ነገር ለእኔ ካልተነገረኝ አላውቀውም። ዓብዩ ያለውንም እማዬን ጠየቅኳት። «ስናሽግ ተሳስተን ነው፤ እሱ ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል» አለችኝና ወደ ሱቃችን ወጣች። ስለዚህ እባክዎ ዓብዩ የቀባጠረውን ይተዉት።

ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ምናልባት ያኔ ይጨነቁልኛል። አሮጊቷ ቺዮ ትባላለች። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የሚባለው፣ እኛም ጎጎ ቺዮ እንላታለን። በሽታው አንደኛውን ፎቅ ሲይዝ ሽማግሌዎቹን ክፍል ሊያዛውሯቸው ተነሱ። እንዲህ ሲሆን ዕቃ ይጠፋል። እጄን ያዘችና «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሲያልፍ ትመልሽልኛለሽ» አለችኝ። በክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

ከዚያ በፊት ሺፍቴ ሲያልቅ ጠርታኝ ታሳየኝ ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሠሪው ያበላሸው ነበር የመሰለኝ። አፉ ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ አንድ ቦታ ዝቅ፣ አንድ ቦታ ከፍ ይላል። ቀይ ነው፣ ግን እንደ ቀለም ቅብ አይደለም፤ ቀዩ ከውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው። በአንድ ጎኑ ጭስ የነካው የሚመስል ግራጫ ጥላ አለ። በዚህ ጥላ ምክንያት ስም አውጥተውለታል። አዎ አጎቴ፣ ዕቃው ስም አለው። ዩዳቺ ይባላል፣ ማምሻ ላይ በድንገት የሚወርድ ዶፍ ማለት ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ከስሩ የሠሪው ማኅተም ታትሞበታል።

ጎጎ ቺዮ በአንድ እጅ አታነሳውም። ከባድ ይመስላል፣ በሁለት እጅ ሲያነሱት ግን ይቀላል። ትኩስ ሻይ ሲገባበት እጅ አያቃጥልም፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ሌላው ስኒ አይጮህም። ትንሽ ታዞረዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ ትጠጣለች። ከጠጣችም በኋላ ባዶውን ይዛ ትቆያለች። እኔ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየተቁነጠነጥኩ እሷ ስኒ ታያለች። በኋላ በኋላ እኔም ማየት ለመድኩ።

አሁን ልጇ ከኬፕታውን ይደውላል። እናቱ «ፊቤ ጋ ነው» ብላዋለች። አምጪ ይለኛል፣ አገር ተዘግቶ ኢትዮጵያ ነው ያለው ስለው ይስቃል። ቶሎ ካልመጣ በስርቆት እከስሻለሁ ብሎኛል። ኬዝ ከተከፈተብኝ ሥራዬም የመኖሪያ ፐርሚቴም አበቃ። በአንድ ቃል ይመልሱልኝ፤ ዕቃው ደህና ነው?

ፊቤ


ዱራሜ
ነሐሴ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ፊቤ፣

ቸሩ አምላክ ከክስም ከበሽታም ይጠብቅሽ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ከርሞ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ዕቃሽ አለ። አልተሰበረም። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት እንድትረጋጊ ነው።

እልፍነሽ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነበብሁላት። «ድገመው» አለችኝ፣ ደገምሁላት። አሮጊቷ ባዶውን ይዛ ትቆያለች የሚለው ላይ ስደርስ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ተቀመጠች።

አንቺ እንደማታውቂ አሁን አመንሁ። እንግዲያው ልንገርሽ፤ የዓለምወርቅም ታንብበው፣ ለዚህ ከተማ አዲስ ወሬ አይደለም። እልፍነሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷም አያቷም ጭቃ አቡክተው ድስትና ጀበና ሠርተው የኖሩ ናቸው። ሰው ያወጣላቸውን ስም በብዕሬ አልጽፈውም። እሷን ሳገባ ከወንድሞቼ አንድም ሰው ሠርጌ ላይ አልተገኘም፣ አባትሽም ጭምር። በቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር ይዘምራሉ፣ እቤታችን ግን ውኃ እንኳ አይቀምሱም። አባትሽ ያረፈ ጊዜ እናትሽ ለልቅሶ እዚህ መጥታ ነበር። እልፍነሽ ወጥ ሠርታ ወሰደች። ድስቱ ክዳኑ ሳይነሳ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከእናትሽ ከባንችይርጋ ሻሽ ውስጥ ጣባ ሲወጣ፣ «ለእልፍነሽ ነው» ሲባል፣ ምን እንድትል ትጠብቂያለሽ?

ስለዚህ አትቆጪ፤ ያንቺ ባለ ስሙ ዕቃ እስከዚህ ወር ዶሮዎቻችን ውኃ ሲጠጡበት ከርመዋል።

ደብዳቤሽን የሰማች ዕለት ግን ራሷ ወጥታ አመጣችው። አጠበችው። በር ላይ ተቀምጣ ከላይ ከታች እያገላበጠች አየችው። እኔን አጠገቧ አስቀምጣ፣ እንድሰማ እየጮኸች፣ በጣቷ እያሳየች ነገረችኝ። በእጅ ተድቦልቡሎ ነው የተሠራው አለች፤ እንደ እኛው። ሠሪዋ ውስጡን በስለት ፍቃዋለች፣ የቀለለው ለዚህ ነው። አውራ ጣቷ እዚህ ጋ አርፎ ነበር ብላ የራሷን አውራ ጣት አኖረችበት፤ ልክ ገጠመ። እሳት ውስጥ ብዙ አላቆየችውም፣ ቸኩላለች፣ እናቴ ብታየው መልሳ ጭቃ ታደርገው ነበር አለችና ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ አፉን በከንፈሯ ሞከረችው፣ ዝቅ ያለው ጋ ስትደርስ ቆመች። «እዚህ ጋ ነው የሚጠጣው፤ አውቃ ነው እንዲህ ያደረገችው» አለችኝ። እኔ ጣባ በልጅነቴም በሽምግልናዬም አይቻለሁ፣ እንዲህ አይቼ ግን አላውቅም።

ወዲያው አሟሸችው። ሸክላ ሳይሟሽ እንዴት ይቀመጣል? ከሰል ላይ አሙቃ፣ የጎመን ዘር ወቅጣ፣ ውስጡንም ውጭውንም አሸችው። ጠቆር ብሎ አብረቀረቀ። እጅግ አምሮበታል።

አሮጊቷን እንድትጠይቂላት የምትፈልገው ነገር አለ። ያቺ የሠራችው ሴት ስሟን ከስር ስታትም የከለከላት አልነበረም? ሰውስ ከቤቷ ይበላ ነበር?

አጎትሽ፣
ሽጉጤ


ቴምቢሳ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 2020

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ይሁንላችሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ተመልሼ ነው የምጽፈው።

አሟሸችው? ምንም አይግባበት ብዬ አልጻፍኩም? ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ዕቃ ነው፣ ትናንት ከገበያ የተገዛ ድስት አይደለም። ያ ግራጫው ጥላ፣ ስሙ የወጣበት፣ አሁን ይታያል ወይስ በዘይት ተሸፍኗል? ዶሮውን እንኳ እችለው ነበር፣ ዶሮ ይታጠባል። ለልጇ ምን ልበለው? «አክስቴ ጠብሳዋለች» ልበል? እትዬ እልፍነሽ በክፋት እንዳላደረገችው አውቃለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት።

ጥያቄዋን ጠይቄላታለሁ። መጀመሪያ፣ የሠራው ወንድ ነው። እዚያ አገር ወንድም ሸክላ ይሠራል። ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ቤት ነው፤ ማኅተሙን ማተም የሚገባው ሁሉም አይደለም፣ ክብር ነው። ሁለተኛውን ግን ጎጎ ቺዮ ሊገባት አልቻለም። ሰው ከቤቱ ይበላ ነበር ወይ ስላት መልሼ እንድናገር አደረገችኝ። በማስኩ ምክንያት ያልሰማች መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ለምን አይበላም?» አለችኝ።

እቤት መጥቼ ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት፣ የእርስዎንም ደብዳቤ አነበብኩላት። ስለ ድስቱ ስደርስ ፊቷን አዞረች። «ለእልፍነሽ ነው ብለሽ ለዓብዩ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት። ደግሜ ጠየቅኳት። «ዘመድ ከዘመዱ ይገናኝ ብዬ ነው» አለችኝ። የተጣለ ዕቃ መስሏት ነው፤ አሮጊቶቹ ሲሞቱ የሚጣለውን የምሰበስብ መስሏት። የጎጎ ቺዮ አደራ መሆኑን አላወቀችም። ሌላውን ግን አውቃ ነው ያደረገችው።

ልክ ነበራችሁ። ስሕተት አልነበረም። እኔ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። በእማዬ ቦታ ይቅርታ ብል የእሷ ይቅርታ አይሆንም። በቤታችን መነጋገር ትተናል፤ ሱቁ ውስጥ «ዳቦ አቀብይኝ፣ መልስ ስጪው» ብቻ ነው የምንባባለው።

ድንበር ሊከፈት ነው ይላሉ። ዓብዩ ሲመለስ ስኒውን ይስጡት። እለምንዎታለሁ።

ፊቤ


ዱራሜ
መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፊቤ፣

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልሽ። ደብዳቤሽን ለእልፍነሽ ማንበብ አልነበረብኝም፤ ቢያንስ አንዱን አንቀጽ መዝለል ነበረብኝ። ፊቴን አይታ ነው መሰል «አትዝለል» አለችኝ።

ስለ ማሟሸቱ ያልሽውን ሰምታለች። እሷ «ያልተሟሸ ሸክላ ውኃ ያሰርጋል» ትላለች፣ እኔ «የሰው ዕቃ ነው» እላለሁ፤ ሁለታችንም ደክሞናል። ጥላው ይታያል፣ ጠቆር ብሏል እንጂ አልጠፋም።

ስለ እናትሽ ሳነብላት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣባውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበትና ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ አሰረች። ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፦ «የላከችልኝ ባንችይርጋ ናት። የምትጠይቀኝም ባንችይርጋ ትሁን። ‹እልፍነሽ፣ ስጪኝ› ትበለኝ። ያን ቀን እሰጣለሁ።»

ለመንኋት። ልጂቱ ትከሰሳለች አልኋት። ሽማግሌ ልላክብሽ ወይ ብላት፣ «የትኛው ሽማግሌ? ውኃዬን የማይጠጣው?» አለችኝ። ካገባኋት ጀምሮ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ የጀመረችው ዛሬ ነው፣ ያውም እኔ ልሰጣት የማልችለውን። እናትሽን አናግሪያት። እኔ እዚህ ከዚህ የተረፈ የማደርገው የለም።

አጎትሽ፣
ሽጉጤ


ቴምቢሳ
ኦክቶበር 14 ቀን 2020

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ዛሬ ያሳጠርኩት ከንቀት አይደለም፣ አቅም ስላጣሁ ነው።

የጎጎ ቺዮ ልጅ ከስሶኛል። ፖሊስ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ቃሌን ተቀበለ። ዕቃው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ካልቀረበ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ጎጎ ቺዮ «እኔ ነኝ የሰጠኋት» ብትልም አእምሮዋ ደክሟል ብለው አልጻፉላትም። አእምሮዋ ምንም አልሆነም።

እማዬን ለመንኳት። ተንበርክኬ ለመንኳት። «እኔ? ለእልፍነሽ?» አለች። «የኔን ልጅ መያዣ አድርጋ? ከፈለገች ትሰባብረው።» ዛሬ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ወተት ልትገዛ መጥታ ነበር። ገንዘቡን በሱቁ መስኮት ሽቦ ስር ገፋችላት፣ መልሷን ግን ከእማዬ እጅ አልቀበልም አለች። «እዚያ አስቀምጪው፣ በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ የውጭ ሰዎች ናችሁ» አለቻት። እማዬ አስቀመጠችው። ሴትየዋ ስትሄድ፣ «እማዬ፣ እትዬ እልፍነሽን ያደረግሻት ይሄንኑ ነው» አልኳት። የሱቁን በር ዘግታ ገብታ ተኛች፤ በጠራራ ቀን፣ ሱቅ ዘግታ።

አትጠይቅም አጎቴ። አውቃታለሁ። እኔ በሁለት ግትር ሴቶች መካከል ልታሰር ነው።

ፊቤ


ዱራሜ
ጥቅምት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፊቤ፣

የአባትሽ አምላክ ይከተልሽ። ይህ አጭር ነው፤ የዓለምወርቅ መብራት ሊጠፋ ነው እያለች ታጣድፈኛለች።

ደብዳቤሽን ለእልፍነሽ አነበብሁላት፤ ምንም አልዘለልሁም። መልሱን ከእጇ አልቀበልም ያለችዋን ሴት ስትሰማ፣ «ባንችይርጋ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላለችም፣ ሱቋን ዘግታ ተኛች አልኋት። እልፍነሽ ተነሳችና ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። ዓብዩ የሚሄደው መቼ ነው አለችኝ።

«እሷ እኮ አልጠየቀችሽም» አልኋት። «የያዝሁት ባንችይርጋን ብዬ ነበር፤ የተያዘችው ልጂቱ ሆነች» አለች። ራሷ ጠቅልላ ለዓብዩ ሰጥታዋለች። እኔን አላስነካችኝም።

ለእናትሽ የምትልከው ቃል የላትም። እኔ አለኝ፣ ግን ወረቀቱ አይበቃም።

አጎትሽ፣
ሽጉጤ


ቴምቢሳ
ኖቬምበር 29 ቀን 2020

ለተከበሩ አጎቴና ለእትዬ እልፍነሽ፣

ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው፤ ጌታ ሁለታችሁንም ያክብርልኝ።

ዓብዩ የአፍንጫ ምርመራውን ጨርሶ ከኤርፖርት በቀጥታ ሱቃችን መጣ። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። የእማዬ ሻሽ ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ስፈታው ስኒው ባዶ አልነበረም። እስከ አፉ ቆሎ ተሞልቶበታል፣ ገብስና ሽንብራ። «ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላኛለች» አለ ዓብዩ። እማዬ ከሽቦው አጠገብ ቆማ ነበር። ቆሎውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ዘግኜ በላሁ። እያየችኝ ደግሜ ዘገንኩ። «ባዶ አድርጊና ውሰጂላቸው» አለችኝ። የቀረውን ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ለጎጎ ቺዮ ወሰድኩላት። ልጇ በስልክ ቪዲዮ ያያል። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጠቆር ያለው ጋ ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች። አዝናለች፤ አጎቴ፣ አልዋሽም፣ አዝናለች። አሸተተችው። «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» አለችኝ። የጎመን ዘር ነው፣ አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ በአገራችን እንዲህ ነው የሚደረገው አልኳት። «ስሟ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ኤሩፊነሹ» ብላ ሞከረችው፣ እንደገና ሞከረችው። የእሷ አረንጓዴ ሻይ በሎክዳውኑ አልቆ ስለነበር የቤቱን ቀይ ሻይ ቀዳሁላት። ዝቅ ባለው በኩል ነው የጠጣችው፤ እትዬ እልፍነሽ ያለችው ቦታ።

ልጅየው ዋጋው በግማሽ ወርዷል ብሎ ጮኸ። ክሱን አንስቷል። ይቅርታ አላለኝም። አለቆቼም «ለሁሉም እንዲበጅ» ብለው ወደ ልብስ ማጠቢያው አዛውረውኛል፤ ከእንግዲህ ጎጎ ቺዮን የማያት በኮሪደር ስታልፍ ነው። እውነተኛ ሆኜ እንደ ሌባ መዛወሬ ያናድደኛል፣ ግን ፐርሚቴ ተርፏል። የተረፈው በእትዬ እልፍነሽ ነው። አገር ቤት ስመጣ መጀመሪያ የምበላው ቤታችሁ ነው።

ጣሳው የሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው። እማዬ አልጣለችውም። ስትበላም አላየኋትም።

ፊቤ


ቴምቢሳ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእልፍነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ፊቤ ልጻፍልሽ ብላኝ እንቢ ብያት ነው። ሽጉጤ እንዳለ ያንብብልሽ።

ልጄን ስላተረፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስለ ሌላው ነገር ወረቀት ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። የሚጻፍ አልመጣልኝም። ስለ ድስቱም ስለ ጣባውም አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ቆሎው አልቋል። ገብሱ ደህና ነበር። ሽንብራው ግን ጠጥሮብኝ ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ዘፍዝፈሽ ቁዪው።

ባንችይርጋ